ዎርድፕረስ 6.9 ለአማርኛ ድረ ገጽ፦ አዲሱን ኤዲተር መጠቀም፣ ፍለጋውን ማስተካከል

አንድ አንባቢያችን ደወሉ። «ስለ ፀሐይ ኃይል የጻፋችሁትን አጠፋችሁት እንዴ? ብፈልግ ብፈልግ ምንም የለም ይለኛል» አሉ። ጽሑፉ አልጠፋም። እኛ «ፀሐይ» ብለን ጽፈናል፤ እሳቸው «ጸሀይ» ብለው ፈልገዋል። ለሰው አንድ ቃል ነው፤ ድረ ገጻችን ለተሠራበት ፕሮግራም፣ ለዎርድፕረስ፣ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው። ስልኩን ዘግቼ ቆጠርኩት፦ ጸን ከፀ፣ ሀን ከሃ፣ ከሐ፣ ከሓ፣ ከኀና ከኃ ጋር እያፈራረቅን ብንጽፋት ይህቺ ባለሦስት ፊደል ቃል 12 መልክ አላት።

ዎርድፕረስ 6.9 ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ አዲሶቹ የማረሚያና የፍለጋ መሣሪያዎች ብዙ ተጽፏል። ግን የሚጻፈው ሁሉ በላቲን ፊደል ለሚሠራ ሰው ነው። እዚህ የማሳያችሁ እነዚያን መሣሪያዎች ለአማርኛ ገጽ እንዴት እንደምንጠቀምባቸው፣ በተለይም አንባቢ የጻፍነውን እንዲያገኘው ምን ማድረግ እንዳለብን ነው። ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ቨርዥናችሁን እዩ

ወደ ዳሽቦርዱ (ድረ ገጹን ወደምታስተዳድሩበት ገጽ) ግቡና አፕዴትስ የሚለውን ከፍታችሁ አሁን ያላችሁን የቨርዥን ቁጥር አንብቡ። ከ6.9 በታች ከሆነ ከማሻሻላችሁ በፊት ባክአፕ ያዙ፤ ባክአፕ ስል ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም ነው። ፋይሎቹን ብቻ ኮፒ አድርጎ «ይዣለሁ» የሚል ሰው ጽሑፎቹ ያሉት ዳታቤዙ ውስጥ መሆኑን የሚያውቀው ከጠፉ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ገጻችሁ ላይ የድሮውን ኤዲተር የሚመልሰው ክላሲክ ኤዲተር የተባለው ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ከተጫነ፣ ከዚህ በታች የማወራው ማስታወሻም ሆነ ብሎክ መደበቂያ አይታያችሁም። ሁለቱም የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከ5.0 ጋር በመጣው የብሎክ ኤዲተር ላይ ነው። ብሎክ የምንለው ጽሑፉ የሚገነባበትን እያንዳንዱን ክፍል ነው፦ አንድ አንቀጽ፣ አንድ ሥዕል።

ኮንትሮል እና ኬ

ኮንትሮልን ይዛችሁ ኬን ተጫኑ፤ ማክ ላይ ከሆናችሁ በኮንትሮል ፋንታ ኮማንድ። መሀል ላይ አንድ የጽሑፍ ሳጥን ይከፈታል። ይህ የትእዛዝ ሳጥን በ6.3 ሲመጣ ኤዲተሩ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከ6.9 ጀምሮ ዳሽቦርዱ ላይ የትም ብትሆኑ ይከፈታል። የምትሄዱበትን ቦታ ስም ጥቂት ፊደል ትጽፉና ኢንተር ትመታላችሁ፤ ከሜኑ ሜኑ መንከራተት ቀረ። ነባር ጽሑፍም በርእሱ ፈልጋችሁ ከዚያው መክፈት ትችላላችሁ።

የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ግን ልብ በሉ። ዳሽቦርዱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ትእዛዞቹም በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ ትእዛዝ ለመጥራት ኪቦርዱን ወደ ላቲን መመለስ፣ የጽሑፍ ርእስ ለመፈለግ ደግሞ ወደ አማርኛ መቀየር ግድ ነው። እኔ ጽሑፍ ስፈልግ ከርእሱ ውስጥ ማንም ሰው በአንድ ዓይነት ፊደል ብቻ የሚጽፈውን ቃል መርጬ እጽፋለሁ፦ «ቡና»፣ «መንገድ»፣ «ገበሬ»። «ዓመት» ወይም «ሥራ» ብዬ አልጀምርም።

ጽሑፉን ማስገባት

ጸሐፊዎቻችሁ በዎርድ ወይም በቴሌግራም የሚልኩላችሁን ጽሑፍ እንዳለ አትለጥፉት፤ የፎንት መጠንና ቀለም ይዞ ይመጣል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቪ ስትጫኑ ጽሑፉ ብቻ ይገባል። አንቀጾቹ እያንዳንዳቸው ብሎክ ይሆናሉ። አዲስ ብሎክ ለመጨመር ባዶ መስመር ላይ / ምልክትን ጽፋችሁ የብሎኩን ስም መጀመር ነው።

ከዚህ የሚከብደው የድሮ ማኅደር ያለው ሰው ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው የላቲን ፊደሎችን መልክ ብቻ በሚቀይሩ ፎንቶች ነበር። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ስትለጥፉ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ታዲያ ፎንቱን ድረ ገጹ ላይ ጭኖ «ተስተካከለ» ይላል። ለዓይን ተስተካክሎ ይሆናል፤ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ግን አማርኛ ስላልሆነ ፍለጋ በፍጹም አያገኘውም። ወደ ዩኒኮድ ቀይሩትና አስገቡ፤ ከተቀየረ በኋላም ሰው ያንብበው፤ የሚሳሳት ፊደል አይጠፋም።

ፖስተርም እንዲሁ ነው። ማስታወቂያውን ሁሉ በሥዕል ሠርቶ መለጠፍ ልማዳችን ሆኗል። ሥዕሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ለፍለጋ የለም። ሥዕሉን መርጣችሁ በስተቀኝ ባለው አማራጭ ጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ቀኑን፣ ቦታውንና ጉዳዩን ጻፉ። ማየት ለማይችሉ አንባቢዎች የሚነበበው እሱ ነው፤ ፍለጋውም ያገኘዋል።

ማስታወሻ፦ እርማትን ከጽሑፉ ማውጣት

ከ6.9 በፊት እርማት የምንለዋወጠው ጽሑፉ ውስጥ በቀይ እየጻፍን ነበር። አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ ይህን ቁጥር ያረጋግጡልን» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ጋር አብሮ ወጣ። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ስልክ ደውለው የነገሩን፤ ቁጥሩም ልክ አልነበረም።

አሁን እርማት የሚፈልገውን አንቀጽ ትመርጣላችሁ፤ ከላዩ በሚመጣው መሣሪያ አሞሌ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ትጫናላችሁ፤ ማስታወሻ ጨምር የሚለውን ትመርጣላችሁ። የጻፋችሁት ከአንቀጹ ጎን ይቀመጣል፣ ድረ ገጹ ላይ አይወጣም። ሌላው ሰው ከሥሩ ይመልሳል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ በ✓ ምልክቷ ይዘጋል፣ ካስፈለገም እንደገና ይከፈታል። ለጽሑፉ ባለቤት ኢሜይል ይደርሰዋል። ኢሜይሉ ካልደረሰ በአብዛኛው ችግሩ ከማስታወሻው ሳይሆን ከሆስቲንጉ (ድረ ገጹ ከተቀመጠበት ሰርቨር) የኢሜይል አላላክ ነው።

ማስታወሻው የሚያያዘው ከብሎክ ጋር እንጂ ከቃል ጋር አይደለም። ስለዚህ አንድ ረጅም አንቀጽ ውስጥ የትኛውን ቃል እንደምትሉ ጥቀሱ፦ «ሁለተኛው መስመር ላይ ኩንታል ነው ወይስ ኪሎ?» እንደማለት።

ብሎክ መደበቅ

በዚያው በሦስቱ ነጥቦች ሥር ደብቅ የሚል አለ። የተደበቀ ብሎክ ለአንባቢ አይታይም፤ ገጹ ኮድ ውስጥም አይገባም። ኤዲተሩ ላይም ስለሚሰወር መልሶ ለማግኘት የብሎኮቹን ዝርዝር መክፈት ያስፈልጋል፤ ከላይ በስተግራ ያለችው የሦስት መስመር ምልክት ናት፣ በኪቦርድ ሺፍት፣ አልት እና ኦ።

ለምን ይጠቅማል? የበዓል ማስታወቂያን ሳይሰርዙ እስከ ከርሞ ማቆየት ይቻላል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ እሱን ለመረዳት ፍለጋው እንዴት እንደሚሠራ ማየት አለብን።

ፍለጋው የሚያየው ምንድን ነው?

አንድ ሙከራ አድርጉ። ድረ ገጻችሁ መፈለጊያ ላይ ፓራግራፍ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ፈልጉ። በብሎክ ኤዲተር የተጻፈ ጽሑፋችሁ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመጣል! ምክንያቱም ዎርድፕረስ የሚፈልገው አንባቢ በሚያየው ገጽ ላይ ሳይሆን ዳታቤዙ ውስጥ በተቀመጠው ጥሬ ጽሑፍ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ የየብሎኩ ስም አብሮ ተጽፏል።

የሚያያቸው ሦስት ቦታዎችን ነው፦ ርእስ፣ አጭር መግለጫና ሙሉ ጽሑፉ። ታግና ምድብ አይፈልግም። «ታግ ላይ አስገብቼዋለሁ እኮ» የሚል ባልደረባ ካላችሁ ይህን አሳዩት። ከውጤቱ መካከል ቃሉ በርእሱ ላይ ያለው ይቀድማል።

የተጻፈውን ሐረግ በባዶ ቦታ ይከፋፍለዋል፤ ሁሉንም ቃላት የያዘውን ጽሑፍ ብቻ ያመጣል። በእንግሊዝኛው ትእምርተ ጥቅስ (" ") ውስጥ ካስገባችሁት እንደ አንድ ሐረግ ይወስደዋል። ቃል ፊት የመቀነስ ምልክት ብታደርጉ ያ ቃል ያለበትን ያስቀራል፦ ቡና -ስኒ። ከ9 ቃል በላይ ከተጻፈ ግን መከፋፈሉን ይተውና ሙሉውን እንደ አንድ ሐረግ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጽሑፉን ረጅም ዓረፍተ ነገር ገልብጦ የሚፈልግ ሰው አንዲት ፊደል ከተለየች ባዶ እጁን ይመለሳል።

የእኛን ሥርዓተ ነጥብ አያውቅም። የእንግሊዝኛውን ኮማ ቃል መለያ ያደርገዋል፤ «፣»ን ግን እንደ ፊደል ይቆጥራታል። «ጤፍ፣ ዋጋ» ብሎ የጻፈ ሰው የተፈለገለት ነጠላ ሰረዝ የተለጠፈባት «ጤፍ፣» ናት። «ጤፍ፡ዋጋ» ከሆነማ አንድ ቃል ነው።

«ቡና» ይገኛል፣ «ቤት» ይጠፋል

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ የአማርኛ ፍለጋ ችግር ግማሹ ፊደላቱ ስለሚመሳሰሉ አይደለም።

ዎርድፕረስ የጻፋችሁት የፊደል ሰንሰለት በሌላ ቃል ውስጥ ቢሆንም ያገኘዋል። «ቡና» ብትሉ «የቡና»፣ «ከቡናው»፣ «ቡናችን» ሁሉ ይመጣሉ። ይህ ለአማርኛ ትልቅ ዕድል ነው፤ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ቢለጠፉበትም ቃሉ አይጠፋም። «ገበሬ»ም «ገበሬው»ንና «ገበሬዎች»ን ያመጣል።

አሁን «ቤት»ን ፈልጉ። «በቤት» እና «ቤትና» ይመጣሉ። «ቤቱ»፣ «ቤቶች»፣ «ቤታችን» ግን የሉም። «ት» ወደ «ቱ»፣ ወደ «ቶ»፣ ወደ «ታ» ስትለወጥ ሌላ ፊደል ሆናለች፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። በላቲን ፊደል ብንጽፈው ኖሮ አናባቢው ከኋላ ስለሚጨመር ሰንሰለቱ አይበጠስም ነበር። እኛ ዘንድ በሳድስ የሚያልቅ ስም ሁሉ ይህ ዕጣ አለበት፦ ሕግ እና ሕጎች፣ መምህር እና መምህራን፣ ሆስፒታል እና ሆስፒታሉ።

ስለዚህ ጽሑፍ ስታርሙ ይህን ልማድ አድርጉ፦ ዋናው ስም በሳድስ የሚያልቅ ከሆነ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያለ ቅጥያ ጻፉት፤ ቢቻል ርእሱ ላይ። «አዲሶቹ የኪራይ ሕጎች» ከምትሉ «አዲሱ የኪራይ ሕግ»። ምህጻረ ቃልም እንዲሁ ነው፤ «ት/ቤት» ብቻ ያለበት ጽሑፍ «ትምህርት ቤት» ብሎ ለሚፈልግ አይመጣም። መጀመሪያ ሲጠቀስ በሙሉ ይጻፍ፣ ከዚያ ይጠር።

የተደበቀው አንቀጽ

ወደ ፀሐይ እንመለስ። የፊደል አጻጻፍ ደንብ አውጡ፣ በዚያም ጽኑ፤ ይህ ለዝግጅት ክፍሉ ሥርዓት ነው። አንባቢ ግን ደንባችሁን አንብቦ አይመጣም። «ኃይለ ሥላሴ»ን አስቡት፦ ለመጀመሪያው ፊደል 6 አማራጭ፣ ለ«ሥ» 2፣ ለ«ሴ» 2፤ 24 ሆነ። አንድ ላይ ገጥሞ የሚጽፈውን ስትጨምሩ 48።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው።

1. ጽሑፉ ታርሞ ካለቀ በኋላ መጨረሻው ላይ አዲስ አንቀጽ ጨምሩ።

2. ርእሱንና ዋና ዋና ስሞቹን አይታችሁ ሰዎች በእርግጥ የሚጽፏቸውን መልኮች ደርድሩ። «የፀሐይ ኃይል ለገጠር ጤና ጣቢያ» ለሚል ርእስ እኔ ያስገባሁት ይህን ነው፦ ጸሀይ ጸሃይ ጸሐይ ፀሀይ ፀሃይ ሀይል ሃይል ኀይል ጣቢያው ጣብያ ሶላር። አስራ ሁለቱንም መደርደር አያስፈልግም፤ ስልካችሁ ኪቦርድ ላይ ቶሎ የሚመጡት ይበቃሉ።

3. አንቀጹን መርጣችሁ ሦስቱን ነጥቦች፣ ከዚያ ደብቅን ተጫኑ።

4. በስተቀኝ ካለው ፓነል አጭር መግለጫውን ራሳችሁ ጻፉ፤ ዎርድፕረስ ከጽሑፉ ቆርጦ እንዲያወጣ አትተዉለት።

5. አትሙት። ከዚያ ከሌላ ብራውዘር፣ ሳትገቡ፣ «ጸሀይ ሀይል» ብላችሁ ፈልጉ።

ይመጣል። አንቀጹ ለአንባቢ ባይታይም ጥሬው ጽሑፍ ውስጥ ስላለ ፍለጋው ያየዋል። በትእምርተ ጥቅስ ለሚፈልግ ግን አይሠራም፤ ቃላቱ ጎን ለጎን አይደሉምና።

የዚህ ብልሃት ሌላ ፊት አለው። መደበቅ መቆለፍ አይደለም። ያልተረጋገጠ የሰው ስም ያለበትን አንቀጽ ደብቃችሁ ብታትሙ፣ በዚያ ስም የሚፈልግ ሁሉ ጽሑፋችሁን ያገኛል፤ ስሙን ባያነብም «ለምን መጣ?» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ነገር ማስታወሻ ላይ አድርጉት ወይም ሰርዙት።

የጋራ ፓተርን ሲጠቀሙ

ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበትን ክፍል፣ ለምሳሌ የስልክና የአድራሻ ሳጥን፣ ፓተርን አድርጋችሁ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሲንክድ የሚለውን ካበራችሁ አንድ ቦታ ስትቀይሩት ሁሉም ጋ ይቀየራል። ግሩም ነው። ግን ጽሑፉ ውስጥ የሚቀመጠው የፓተርኑ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ይዘቱን ፍለጋው አያየውም። ሰው ሊፈልገው የሚችለውን ነገር እዚያ አታስገቡ።

አድራሻው ለምን ይቆረጣል

የአማርኛ ርእስ ስትጽፉ ዎርድፕረስ ከርእሱ የጽሑፉን አድራሻ ይሠራል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ አድራሻ ላይ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል። ለዚህ ክፍል የተሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። አካፍሉት፦ 22 ፊደል። ከዚያ በኋላ ያለው ርእስ ይቆረጣል፤ በቴሌግራም ስትልኩትም የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ከማተማችሁ በፊት በስተቀኝ ፓነል ስላግ በሚለው ውስጥ ሦስት አራት ቃል በላቲን ፊደል ጻፉ። የታተመውን ብትቀይሩም ዎርድፕረስ ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ ይመልሳል።

መፈለጊያ ሳጥኑና ባዶው ገጽ

ቲማችሁ (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው) የብሎክ ቲም ከሆነ ከአፒራንስ ወደ ኤዲተር፣ ከዚያ ወደ ቴምፕሌቶች (የገጾቹ ንድፍ ወዳለበት) ግቡ። ሰርች የሚለውን ብሎክ ገጹ አናት ላይ አኑሩ፤ ውስጡ የሚታየውን ፈዛዛ ጽሑፍ እናንተ ትወስናላችሁ። «ፈልግ» ብቻ ከምትሉ «አንድ ወይም ሁለት ቃል ይጻፉ» በሉ፤ ረጅም ጥያቄ የሚጽፈውን ሰው ቁጥር ይቀንሰዋል።

ከዚያ የፍለጋ ውጤት ቴምፕሌቱን ክፈቱ። ውጤት ሲጠፋ የሚታየው ክፍል አብዛኛው የአማርኛ ገጽ ላይ እንደመጣ በእንግሊዝኛ ተቀምጧል። በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉት፦ «በዚህ አጻጻፍ አላገኘንም። በሀ፣ በሐ ወይም በኃ፤ በሰ ወይም በሠ ቀይረው ይሞክሩ» ብላችሁ ከሥሩ ሌላ መፈለጊያ ሳጥን አስገቡ።

ማኅደሩ ሲበዛ፦ ሬለቫንሲ

ጽሑፎቹ ብዙ መቶ ሲሆኑ ለእያንዳንዱ የተደበቀ አንቀጽ መጻፍ አይቻልም። ያኔ ሬለቫንሲ የሚባለውን ፕለጊን ጫኑ፤ ነጻው ይበቃል። የራሱን የቃላት ማውጫ ሠርቶ ከዚያ ነው የሚፈልገው።

እንደጫናችሁ ማውጫውን ከመሥራታችሁ በፊት ኢንዴክሲንግ የሚለው ገጽ ላይ የትንሹን ቃል ርዝመት እዩ። ሲመጣ 3 ነው። ለእንግሊዝኛ ልክ ነው፤ ለእኛ ግን ቡና፣ ቤት፣ ጤፍ፣ ሕግ፣ ውሃ ሁሉም ሁለት ፊደል ናቸው። እንዳለ ከተዋችሁት «ቡና» የሚለው ቃል ራሱ ከማውጫው ይቀራል። 2 አድርጉትና ከዚያ ማውጫውን ሥሩ።

ቀጥሎ ሲኖኒም የሚለውን ገጽ ክፈቱ። በየመስመሩ እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

ጸሀይ = ፀሐይ
ሀይል = ኃይል
ስራ = ሥራ
አመት = ዓመት

በግራ አንባቢ የሚጽፈው፣ በቀኝ የእናንተ ደንብ ነው። የሚሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ማኅደራችሁ ውስጥ ሁለቱም አጻጻፍ ካለ የተገላቢጦሹንም መስመር ጨምሩ። የተደበቁት አንቀጾች ላይ ግን ከዚህ በኋላ አትመኩ፤ ይህ ፕለጊን ብሎኮቹን ተርጉሞ ስለሚያነብ የተደበቀው ላይታየው ይችላል።

በመጨረሻ የፍለጋ መዝገቡን አብሩ። አንባቢዎች የጻፉትን ቃልና ውጤት ያላገኙትን ለይቶ ያሳያችኋል። እኔ ሰኞ ጠዋት ቡናዬን ይዤ እሱን ዝርዝር እከፍትና ባዶ የተመለሱትን ቃላት አንድ በአንድ እያየሁ ወደ ሲኖኒሙ እጨምራለሁ። ባለፈው ሳምንት «ኮንዶሚንየም» አለ፣ «ኮንዶሚኒየም» አለ፣ «ኮንደሚኒየም» አለ፤ «ጋራ መኖሪያ ቤት» ብሎ የፈለገ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ እኛ ደግሞ ርእሳችን ላይ የጻፍነው እሱን ነበር።